ጭስ ማውጫ የማይፈልግ የጋዝ ማሞቂያ፦ ከመግጠምዎ በፊት ክፍሉን ይለኩ

ጥያቄ፦ ሳሎናችን ውስጥ ከድሮ ጀምሮ የነበረ የእንጨት እሳት ምድጃ አለ። እንጨት መማገዱ ስለሰለቸን፣ ምድጃው ውስጥ የሚቀመጥ፣ የግንድ ቅርጽ ያለው የጋዝ ማሞቂያ ገዛን። ጭስ ማውጫ አያስፈልገውም ተብሏል። ካርቶኑ ላይ 33,000 ቢቲዩ (በሰዓት የሚሰጠው ሙቀት መለኪያ) ይላል። ሳሎኑ 4 በ4.5 ሜትር ነው፤ የጣሪያው ከፍታ 2.5 ሜትር። በር አለው፣ ማታ እንዘጋዋለን። ከሳሎኑ ጋር በተያያዘች ጠባብ ክፍል ውስጥ ደግሞ በጋዝ የሚሠራ 40,000 ቢቲዩ የውሃ ማሞቂያ አለ። አስም ያለባቸው አባቴ አብረውን ይኖራሉ፤ ቀኑን ሙሉ ሳሎን ነው የሚውሉት። ባለቤቴ «ራሴ እገጥመዋለሁ» ይላል። ያለ ስጋት እንድንጠቀምበት ምን እናድርግ?

ምላሽ፦ ሳይገጠም መጠየቅዎ በጣም ጥሩ ነው። ዕቃው ገና ካርቶኑ ውስጥ እያለ ሁሉም ነገር ሊስተካከል ይችላል።

ሐሳቤን ከፊት ላስቀምጥ። በገለጹልኝ ሳሎን፣ በሩ እየተዘጋ፣ አባትዎም እዚያው እየዋሉ፣ ይህ ማሞቂያ እንዳለ መገጠም የለበትም። ክፍሉ አይበቃውም። ክፍሉን ማስተካከል ወይም ማሞቂያውን በአነስተኛ መለወጥ ይቻላል፤ ሁለቱንም መንገድ እነግርዎታለሁ። መጀመሪያ ግን ምክንያቱን እንይ፣ ምክንያቱ ከገባዎት ሌላው ሁሉ ይቀልዎታል።

ጋዝ ሲነድ ከአየሩ ኦክስጅን ይወስዳል። በምትኩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ የውሃ ተን፣ ጥቂት ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ፣ ነገር ከተበላሸ ደግሞ ሽታም ቀለምም የሌለው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሰጣል። ጭስ ማውጫ ያለው ማሞቂያ ይህን ሁሉ ወደ ውጭ ይልከዋል። የእናንተው ግን የትም አይልከውም፤ ሁሉም እናንተ የምትተነፍሱት አየር ውስጥ ይቀራል። ሻጮች «ሙቀቱ አንድም አይባክንም» የሚሉት እውነት ነው። የማይባክነው ግን ሙቀቱ ብቻ አይደለም። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «እንዴት ልግጠመው?» ሳይሆን «ክፍሉ ምን ያህል አየር አለው? አየሩስ በምን ይታደሳል?» የሚለው ነው።

የውሃ ተኑን ብዙ ሰው ይረሳዋል። 33,000 ቢቲዩ ማሞቂያ ሙሉ ኃይሉን ሲሠራ በአንድ ሰዓት ከ1 ሊትር በላይ ውሃ በተን መልክ ክፍሉ ውስጥ ይለቃል። ሦስት ሰዓት ካቃጠላችሁት ከሦስት ሊትር በላይ ማለት ነው። መስኮቱ ሲያልበው፣ ከዚያ የግድግዳው ጥግ ሲጠቁርና ሲሻግት የምታዩት ለዚህ ነው። መስኮት ማላብ ከጀመረ አየሩ በበቂ እየታደሰ አይደለም ማለት ነውና እንደ ማስጠንቀቂያ ይቁጠሩት።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። በአሜሪካ የጋዝ ደንብ ለየ1,000 ቢቲዩ ቢያንስ 50 ኪዩቢክ ጫማ ቦታ ያስፈልጋል። በሜትር ወደ 1.4 ኪዩቢክ ሜትር ነው። የእናንተ ሳሎን 4 በ4.5 በ2.5፣ ማለትም 45 ኪዩቢክ ሜትር ነው። ማሞቂያው ብቻውን ወደ 47 ይፈልጋል። ለጥቂት ነው የጎደለው ትሉ ይሆናል። ነገር ግን ያ የውሃ ማሞቂያም ከዚያው አየር ነው የሚወስደው። ደንቡ በአንድ ቦታ አየር የሚጋሩትን የጋዝ ዕቃዎች በሙሉ ደምሩ ይላል። 33,000 እና 40,000 ሲደመር 73,000 ቢቲዩ ይሆናል፤ የሚፈለገው ቦታም ወደ 103 ኪዩቢክ ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ ያላችሁ ከግማሽ በታች ነው። ጠባቧ ክፍል ብትጨመርም ይህን አትሞላውም።

በር ያለው ክፍል እንደ ተዘጋ ነው የሚቆጠረው። በሩን ሁልጊዜ ክፍት እናደርገዋለን ማለት አይበቃም፤ ብርድ በሚበረታበት ሌሊት አንድ ሰው ይዘጋዋል። መዝጊያ የሌለው ሰፊ ክፍት ወደ ሌላ ክፍል የሚወስድ ከሆነ ግን የዚያኛው ክፍል ስፋትም ይታሰባል። ለምሳሌ በሩን ከነመቃኑ አንስታችሁ ሳሎኑን ከመመገቢያ ክፍሉ ጋር ብታገናኙ ሁለቱ አብረው ይደመራሉ። ሌላው መንገድ ሳሎኑን ከሚቀጥለው ክፍል በሚለየው ግድግዳ ላይ ሁለት የአየር ቀዳዳ መክፈት ነው። አንዱ ከጣሪያው በ30 ሳንቲሜትር ውስጥ፣ ሌላው ከወለሉ በ30 ሳንቲሜትር ውስጥ መሆን አለበት። እያንዳንዱ ከ645 ካሬ ሳንቲሜትር ማነስ የለበትም፤ 25 በ26 ሳንቲሜትር እንደማለት ነው። ወንፊት ወይም ፍርግርግ ካለበት ደግሞ የሚቆጠረው በእውነት አየር የሚያሳልፈው ክፍት ብቻ ነው። ከፊቱ ሶፋ ወይም መጽሐፍ መደርደሪያ ከቆመ እንደሌለ ቁጠሩት። በሁለቱም መንገድ ቢሆን የተገናኙት ክፍሎች ድምር 103 መሙላቱን ለክታችሁ አረጋግጡ።

ይህ ስሌት የሚሠራው ቤቱ በተፈጥሮው በየስንጥቁ አየር የሚያስገባ ከሆነ ነው። በቅርብ የታደሰ፣ መስኮቱ ድርብ መስታወት፣ የበሩ ሥር በጎማ የተደፈነ ቤት ከሆነ ስፋቱ ብቻ አያድናችሁም፤ አየር በቀጥታ ከውጭ የሚገባበት መንገድ ያስፈልጋል። የኩሽና አየር መሳቢያና የልብስ ማድረቂያም ከቤት አየር እየሳቡ ወደ ውጭ ይጥላሉ። እነሱ ሲሠሩ የውሃ ማሞቂያው ጭስ በራሱ ጭስ ማውጫ ተመልሶ ሊገባ ይችላል። ቴክኒሻኑ ሲመጣ መሳቢያው ሁሉ በርቶ፣ በሩ ተዘግቶ እንዲፈትሽላችሁ ጠይቁት። ብዙዎቹ ካልተጠየቁ አይፈትሹትም።

እዚህ ላይ «ማሞቂያው እኮ ኦክስጅን ሲያንስ ራሱን ያጠፋል» የሚል ክርክር ይመጣል። እውነት ነው፣ ያጠፋል። እንዴት እንደሚያጠፋ ግን ማወቅ ጥሩ ነው። በርነሩ (ጋዙ የሚነድበት ክፍል) አጠገብ ሁልጊዜ የምትበራ ትንሽ ነበልባል አለች፤ ፓይለት ትባላለች። ጤነኛ ፓይለት ሰማያዊ ናት፤ ጠንከር ብላ ትወጣና ቴርሞኮፕል የሚባለውን ቀጭን የብረት ዘንግ ጫፍ ትሸፍናለች። ጫፉ ሲግል በጣም ትንሽ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ያቺ ኤሌክትሪክ ናት የጋዙን ቫልቭ ከፍታ የያዘችው። በክፍሉ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከተለመደው 21 በመቶ ገደማ ወደ 18 በመቶ ሲወርድ ነበልባሏ ከአፏ ትነሳና ከጫፉ ትርቃለች። ጫፉ ይቀዘቅዛል፣ ቫልቩ ይዘጋል። በጣም ብልህ አሠራር ነው።

የማይሠራው ነገር ግን አለ፤ ካርቦን ሞኖክሳይድን አይለካም። በክፍሉ ኦክስጅን ሞልቶ እያለ በርነሩ ቆሽሾ ወይም ግንዱ ያለቦታው ተቀምጦ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊፈጠር ይችላል። ፓይለቷ ምንም አይሰማትም። ስለዚህ ይህ መከላከያ ካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ አላርምን በምንም አይተካም። ማሞቂያው በየጊዜው ራሱን የሚያጠፋ ከሆነም አንድ ነገር እየነገራችሁ ነው። ወይ አየር አንሷል፣ ወይ የፓይለቷ የአየር ቀዳዳ በአቧራና በፀጉር ተደፍኗል። ያለማቋረጥ እንዲበራ ብሎ ቁልፉን በሽቦ የሚያስርና መከላከያውን የሚያልፍ ሰው አጋጥሞኛል። እባካችሁ ይህን ማንም እንዲያደርግላችሁ አትፍቀዱ።

ስለ አላርሙ እንነጋገር። አንዱ መኝታ ክፍሎች አጠገብ፣ ሌላው ማሞቂያው ባለበት ፎቅ ይሁን፤ ቤቱ ፎቆች ካሉት በየፎቁ። ማሞቂያው ጎን አትስቀሉት፤ ራቅ ይበል፣ መጋረጃ አይሸፍነው። አንድ ልብ ልትሉት የሚገባ ነገር አለ። በአሜሪካ መስፈርት የተሠራ አላርም 70 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል 70ው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲሆን) ላይ እስኪጮህ ከ1 እስከ 4 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። 400 ፒፒኤም ላይ ግን በ4 እና በ15 ደቂቃ መካከል ይጮኻል። አላርሙ የታሰበው ጤነኛ ሰው ራሱን ከመሳቱ በፊት እንዲያመልጥ ነው። አስም ያለበትን፣ ልቡ የደከመ አረጋዊን ወይም ነፍሰ ጡርን የሚረብሽ ዝቅተኛ መጠን ላይ ዝም ይላል። ስለዚህ አላርሙ አልጮኸም ማለት አየሩ ለአባትዎ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መደንዘዝ ቤት ውስጥ ሲመጣና ውጭ ሲወጡ ሲለቅ፣ በተለይ ሁለት ሦስት ሰው አንድ ላይ ከተሰማው፣ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትለፉት። ወዲያው ውጡ፣ ከውጭ ሆናችሁ ለድንገተኛ አደጋ ደውሉ።

ወደ ዕቃው ልመለስ። ሳትገጥሙት በፊት ስሙ የተጻፈበትን የብረት ሰሌዳ ፈልጋችሁ ሦስት ነገር አንብቡ። አንደኛ፣ በእርግጥ ጭስ ማውጫ የማይፈልግ ዓይነት ነው ወይ? መልካቸው አንድ የሆነ፣ ግን ጭስ ማውጫ የግድ የሚፈልጉ የጌጥ ግንዶች አሉ። ያንን ጭስ ማውጫው በተዘጋ ምድጃ ውስጥ ማቀጣጠል ሰው ይገድላል። ሁለተኛ፣ ለየትኛው ጋዝ ነው የተሠራው? የተፈጥሮ ጋዝ እና ፕሮፔን አይለዋወጡም። ፕሮፔን በእኩል መጠን ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ሙቀት አለው፤ የሚመጣበት ግፊትም ከፍ ያለ ነው። ለተፈጥሮ ጋዝ የተሠራን በርነር ፕሮፔን ላይ ማገናኘት ከልክ ያለፈ ነበልባልና ጥቀርሻ ያመጣል። ቀዳዳውን በመሰርሰር ወይም ሬጉሌተሩን (የጋዝ ግፊት መቆጣጠሪያውን) በማጥበቅ «ማስማማት» የሚባል ነገር የለም። አምራቹ የመለወጫ ዕቃ ካላዘጋጀለት ይመለስ። ሦስተኛ፣ ከባሕር ወለል በላይ እስከ ስንት ከፍታ ተፈቅዷል? ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ፓይለቷ ያለምክንያት ልትጠፋ ትችላለች፤ መመሪያው ላይ ወሰን ከተጻፈ አክብሩት።

ከዚህም በፊት የምትኖሩበት ቦታ ሕግ ይፈቅድ እንደሆነ ጠይቁ። በካናዳ እንዲህ ዓይነት ማሞቂያ ለመኖሪያ ቤት አይፈቀድም፤ በካሊፎርኒያም እንዲሁ። በሚፈቀድባቸው ቦታዎችም ቢሆን ገደብ አለ። በአሜሪካ መስፈርት አንድ ማሞቂያ ከ40,000 ቢቲዩ አይበልጥም፤ መኝታ ክፍል ውስጥ ከ10,000፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ከ6,000 በላይ አይፈቀድም። የእናንተ በምንም መንገድ መኝታ ክፍል አይገባም። ሳሎን ውስጥ ማታ ማታ ሰው የሚተኛ ከሆነም ያው መኝታ ክፍል ነው።

ባለቤትዎ ራሴ እገጥመዋለሁ ማለታቸውን አልነቅፍም። እጃቸው ሥራ የሚወድ ከሆነ ብዙ የሚያግዙት አለ። ምድጃውን ጠርገው አመዱንና የቆየውን ጥቀርሻ ያውጡ፤ ጭስ ማውጫውንም ያስጠርጉ። የምድጃው ጡብ የተሰነጠቀ ካለ ያስጠግኑ። በመመሪያው ላይ ያለውን የርቀት ሠንጠረዥ ይዘው ከምድጃው በላይ ያለውን የእንጨት መደርደሪያ ይለኩ። መደርደሪያው ወደ ፊት በወጣ ቁጥር ከፍ ማለት አለበት፤ ካልሆነ ሙቀቱን ወደ ፊት የሚገፋ የብረት ሽፋን ይጨመራል። ጭስ ማውጫ የማይፈልግ ማሞቂያ ሙቀቱን በሙሉ በምድጃው አፍ ስለሚተፋው እዚያ ላይ ያለ እንጨት፣ ቀለምና ቴሌቪዥን ከእንጨት እሳት ጊዜው የበለጠ ይግላል። ከፊት ለፊት ደግሞ 90 ሳንቲሜትር ያህል ምንም የሚቃጠል ነገር አይኑር።

ጋዙን የማገናኘት ሥራ ግን ለፈቃድ ላለው የጋዝ ባለሙያ ይተውለት። ይህን የምለው ገበያ ለማምጣት አይደለም። የቧንቧው ውፍረት ከውሃ ማሞቂያው ጋር አብሮ ይበቃ እንደሆነ ማስላት አለበት። ግፊቱም በመለኪያ መታየት አለበት፤ የተፈጥሮ ጋዝ ብዙውን ጊዜ በ7 ኢንች የውሃ ከፍታ (የጋዝ ግፊት የሚለካበት አሃድ ነው) ገደማ፣ ፕሮፔን በ11 ኢንች ገደማ ይመጣል። ይህ በዓይን አይታይም። ሲሠራ ግን አጠገቡ ቆማችሁ ተመልከቱት። እጅ የሚደርስበት የመዝጊያ ቫልቭ እዚያው ክፍል ውስጥ ማድረግ አለበት። ከማሞቂያው በፊት ቆሻሻና እርጥበት የሚጠራቀምበት ወደ ታች የወረደ አጭር የቧንቧ ጫፍ ይኖራል። ተጣጣፊው ማገናኛ አዲስ ይሁን፤ ከሌላ ዕቃ የተፈታ አይሁን። የፕሮፔን ሲሊንደር ፈጽሞ ቤት ውስጥ አይገባም።

በመጨረሻ የማፍሰስ ፍተሻ ይደረጋል። ሳሙና በውሃ በጥብጦ በየመገጣጠሚያው ላይ በብሩሽ ይቀባል፣ ጋዙ ይከፈታል፣ ይጠበቃል። የሚያፈስ ካለ መጀመሪያ የመርፌ ጫፍ የምታክል አረፋ ትወጣለች፤ ከዚያ እየተነፋች ትሄድና ሌላዋ ትከተላታለች። አንዳንዴ ይህ እስኪታይ ደቂቃ ይፈጃል። ቀብቶ ወዲያው የሚሄድ ሰው አልፈተሸም። በክብሪት የሚፈትሽ ካጋጠማችሁ ሥራውን አስቁሙት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣው የግንዶቹ አቀማመጥ ነው። ይህን ብዙ ሰው እንደ ጌጥ ስለሚያየው በጣም የምጨነቅበት ነገር ነው። ሰው ሠራሾቹ ግንዶች ቁጥር አላቸው፤ መቀመጫቸውም ላይ ማስገቢያ ፒን ወይም ጎድጓዳ ምልክት አለ። ነበልባሉ በመካከላቸው እንዲያልፍ ሆነው ነው የተሠሩት። አንዱ ግንድ በሁለት ሳንቲሜትር ቢዛነፍ ነበልባሉ በቀጥታ ይመታውና ሳይነድ ይቀዘቅዛል። ያኔ ጥቀርሻ ይፈጠራል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድም ይጨምራል። ጫፉ ቢጫ የሆነ ነበልባል በእንዲህ ያለ ማሞቂያ ላይ የተለመደ ነው፤ ሥሩ ሰማያዊ መሆን አለበት። ግንዱ ላይ ጥቁር ጥቀርሻ እየተጋገረ ከሆነ፣ ወይም ከምድጃው በላይ ያለው ግድግዳ እየጠቆረ ከሆነ አጥፉትና ባለሙያውን ጥሩ። የተሰነጠቀ ግንድ አይጠገንም፣ ይለወጣል። ተጨማሪ ጠጠር፣ የጥድ ፍሬ ወይም ሌላ ማሳመሪያ አትጨምሩበት። ወረቀትም ሆነ ቆሻሻ አይቃጠልበትም። የምድጃው መስታወት በር ካለው፣ ማሞቂያው ሲሠራ ሙሉ በሙሉ ይከፈት።

መጀመሪያ ስታቀጣጥሉት ይሸታል። አዲስ ቀለምና የግንዱ ማያያዣ ነው። መስኮት ከፍታችሁ ለጥቂት ሰዓት አንድዱት፤ በዚያን ቀን አባትዎ ሌላ ክፍል ይዋሉ። ሽታው በሌላ ቀን ከተመለሰ ግን ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ከቤቱ አየር ነው። የፀጉር ስፕሬይ፣ የቀለም ማቅጠኛ፣ በረኪና፣ የክፍል ሽቶ መርጫ በነበልባሉ ውስጥ ሲያልፉ ወደ ሌላ የሚያስነጥስና ዓይን የሚያቃጥል ነገር ይለወጣሉ። ማሞቂያው እየነደደ ቤት በበረኪና አይጸዳም።

ስለ አጠቃቀሙ፣ አምራቾቹ ራሳቸው ለቤቱ ዋና ማሞቂያ ሳይሆን ለድጋፍ ነው ይላሉ። የእኔ ምክር ለሁለት ሦስት ሰዓት አንድዶ ማጥፋት፣ መስኮት በጥቂቱ ከፈት ማድረግ ነው። የድሮው ጭስ ማውጫ መዝጊያም መመሪያው ከፈቀደ ገርበብ ብሎ ይተው፤ ትንሽ ሙቀት ትወጣለች፣ ብዙ ጭስም አብሯት ይሄዳል። ስትተኙና ከቤት ስትወጡ ይጠፋል። ፓይለቷ ከጠፋች መልሶ ከማቀጣጠል በፊት 5 ደቂቃ ጠብቁ። ጋዝ ከሸተተ መብራት አታብሩ፣ የበራውንም አታጥፉ፣ ስልክም እዚያው ሆናችሁ አትነካኩ፤ ውጡና ከውጭ ደውሉ። ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ ስለዚህ ለማሽተት ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል።

በየዓመቱ፣ ብርዱ ከመግባቱ በፊት፣ ባለሙያ የፓይለቷን ቀዳዳና በርነሩን ያጽዳ። ድመት ወይም ውሻ ካላችሁ፣ ወይም ምንጣፉ አዲስ ከሆነ፣ በመሃልም አንድ ጊዜ።

አሁን ወደ አባትዎ ጉዳይ ልምጣ፤ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ የመተንፈሻ ቱቦን ያስቆጣል፤ አስም ያለበትን ሰው ቀድሞ ያገኘዋል። ማሞቂያው በትክክል ተገጥሞ፣ ንጹሕ ሆኖ፣ አላርሙም ዝም ብሎ እያለ እንኳ ይህ ጋዝ በመጠኑ ይኖራል። ስለዚህ በእናንተ ቤት እኔ ብሆን ከተቻለ ዕቃውን መልሼ፣ ጭሱን በቧንቧ በቀጥታ ወደ ውጭ የሚያወጣና አየርም ከውጭ የሚስብ የታሸገ የጋዝ ማሞቂያ እወስዳለሁ። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ሙቀቱም ጥቂት ይባክናል፤ አባትዎ የሚተነፍሱት አየር ግን አይነካም። ያ ካልተቻለ ለሳቸው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አድርጉላቸው። ይህንን የጋዝ ማሞቂያ ደግሞ በሩ ተነስቶ ወይም ቀዳዳው ተከፍቶ ቦታው ከበቃ በኋላ፣ እንግዳ ሲመጣ ወይም ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ለአጭር ጊዜ ተጠቀሙበት። ሐኪማቸውንም ስለ ማሞቂያው ንገሩት። ማታ ማታ ሳል ወይም ትንፋሽ ማጠር ከጀመራቸው መጀመሪያ የምታጠፉት እሱን ነው።